የእንግሊዝኛ ቋንቋ በገዛ አገሩ

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል» ይላል ያገራችን ሰው። ሕዝቦች ከእናታቸው ጡት ጋራ የጠቡትን ቋንቋ እንደ ተራ ነገር እየቈጠሩ የሌላውን ሲመረምሩ ኖረዋል። ይህ ነገር በእኛ ብቻ የደረሰ እንዳይመስለን፣ ዛሬ በዓለም የተስፋፋው የእንግሊዝኛ ቋንቋ በተወለደበት አገር ራሱን የቻለ ትምህርት ለመሆን ስንት ዘመን እንደ ፈጀበት በአጭሩ ልንተርክ አሰብን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

እንግሊዞች «የሰዋስው ትምህርት ቤት» እያሉ የሚጠሯቸው ጥንታውያን ትምህርት ቤቶች ሲቋቋሙ፣ ሰዋስው የተባለው የላቲን እንጂ የእንግሊዝኛ አልነበረም። በንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ዘመንም በዊልያም ሊሊ ስም የሚጠራው የላቲን ሰዋስው በንጉሡ ትእዛዝ የትምህርት ቤቶች መማሪያ ሆነ። የቅኔ ቤትን ሥርዓት የሚያውቅ አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸግረውም፤ የእኛም ተማሪ በአማርኛ እየተናገረ ግሱንና አገባቡን የሚያጠናው ለግዕዝ ነውና።

ዊልያም ቡሎካር በ1586 የመጀመሪያውን የእንግሊዝኛ ሰዋስው አሳተመ፤ እርሱም ቢሆን የተከተለው የሊሊን መንገድ ነበር። በኋላም ሮበርት ላውዝ በ1762፣ ሊንድሊ መሪ በ1795 የጻፏቸው መጻሕፍት በየትምህርት ቤቱ ገቡ። የእነዚህ መጻሕፍት ዋና ሐሳብ ስሕተትን ማረም ስለ ነበረ፣ ላውዝ የሼክስፒርንና የሚልተንን ጽሑፍ እንኳ ሳይነቅፍ አላለፈም።

ከ16 እስከ 18 ዓመት ያሉ ወጣቶች ለዩኒቨርሲቲ የሚዘጋጁበት የመጨረሻው የሁለተኛ ደረጃ ክፍል «ሲክስዝ ፎርም» ይባላል። ስሙ ስድስተኛ ቢባልም ከእኛው ስድስተኛ ክፍል ጋራ አይገናኝም። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የዚህ ክፍል ክብር ላቲንና ግሪክ ነበር። ኦክስፎርድ በ1894፣ ኬምብሪጅ በ1917 ለእንግሊዝኛ በራቸውን ከከፈቱ በኋላ ነገሩ ተሻሻለ፤ ነገር ግን በ1951 «ኤ ሌቭል» የተባለው ከፍተኛ ፈተና ሲቋቋም፣ በዚያ ደረጃ እንግሊዝኛ ማለት ሥነ ጽሑፍ ማለት ነበር። ቋንቋው ራሱ ድርሰትና ማሳጠር ሆኖ በ16 ዓመት ይፈተናል፤ ከዚያ በላይ የሚጠና ነገር ያለው አይመስልም ነበር።

ይህን አስተያየት የለወጡት ሊቃውንት ሰውን ከማረም በፊት ማዳመጥን ያስቀደሙ ናቸው። ራንዶልፍ ክወርክ በ1959 በጀመረው ጥናት እያንዳንዳቸው 5,000 ቃላት ያሏቸው 200 ናሙናዎች ተሰበሰቡ፤ ግማሹ ከጽሑፍ፣ ግማሹ ከሰው አንደበት የተቀዳ ነበር። ማይክል ሃሊዴይም ከ1964 ጀምሮ ከመምህራን ጋራ ሆኖ ይህን ዕውቀት ወደ ትምህርት ቤት የሚያደርስ ሥራ መራ። በ1980ዎቹ ዓመታት የፈተና ድርጅቶች የእንግሊዝኛ ቋንቋን ከሥነ ጽሑፍ ለይተው ለሲክስዝ ፎርም ፈቀዱ።

ተማሪው በዚህ ትምህርት ሕፃን ልጅ አፉን እንዴት እንደሚፈታ፣ ቃላት በዘመናት ውስጥ እንዴት እንደሚለወጡ፣ የየአውራጃው አነጋገር በምን እንደሚለያይ ይመረምራል። ከዚያም የሰዎችን ጨዋታ በራሱ እጅ ቀድቶ፣ ቃል በቃል ጽፎ ይተነትናል። የዚህም ጥቅም ቀላል አይደለም። የሠራተኛ ልጅ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አፍራሽ ቃል ሁለት ጊዜ በማግባቱ ሲነቀፍና ስለ ወላጆቹ አነጋገር ሲያፍር ኖሯል። ትምህርቱ ግን ይኸው አነጋገር በታላቁ ባለቅኔ በቾሰር መጻሕፍት እንደሚገኝ አሳየው። ለመንግሥት ጽሕፈት የሚስማማውን ሥርዓት ማወቅ ቢያስፈልገውም፣ የአባቱ ቋንቋ የራሱ ሕግ ያለው እንጂ የተበላሸ እንዳልሆነ ተረዳ።

ይህ ሐሳብ ያለ ክርክር አላለፈም። በ1989 መንግሥት መምህራንን በቋንቋ ዕውቀት ለማሠልጠን ታላቅ ሥራ አስጀምሮ ነበር። ነገር ግን የተዘጋጀው ጽሑፍ ስለ ትክክለኛው ሰዋስው ከሚያዘው ይልቅ ስለ ሕዝቡ አነጋገር የሚያስረዳው በዝቶ ስለ ተገኘ፣ ሹማምንቱ በ1991 እንዳይታተም ከለከሉ። መምህራኑ ግን ቅጂውን እያባዙ ከእጅ ወደ እጅ አስተላለፉት። ዛሬም ይህን ትምህርት የሚመርጡት ተማሪዎች ከ2010ሮቹ መጀመሪያ ይልቅ ያነሱ ናቸው፤ ወርቁ እንደ ገና ከመዳብ መቈጠሩ ይሆን?

እንግዲህ እኛም ከዚህ ታሪክ የምንማረው አለን። ልጆቻችን እንግሊዝኛን በትጋት ሲያጠኑ እንግሊዞች ስለ ራሳቸው ቋንቋ ዘግይተው የደረሱበትንም አብረው ቢያውቁ መልካም ነው። መምህር የተማሪውን ደብተር በቀይ ቀለም ማረሙ አይቅር፤ ነገር ግን ልጁ ከገጠር ይዞት የመጣውን ቃል ከመሰረዙ በፊት ከየት እንደ መጣና በምን ሕግ እንደሚሠራ ይጠይቀው። በአማርኛም ሆነ በሌሎቹ ያገራችን ቋንቋዎች የሚጠናው ሀብት ብዙ ነውና፣ በእጃችን ያለውን ወርቅ ወርቅ ብለን እንጥራው።