የሞት ፍርድና የይቅርታ መንገዱ

በፉሪ፣ በሰበታና በዙሪያቸው ባሉ ቀበሌዎች የሚኖሩ የአገር ሽማግሌዎች ሰው በሰው እጅ ሲሞት ምን እንደሚደረግ ጠንቅቀው ያውቃሉ። የገዳይ ወገን ሽማግሌ ይልካል። የሟች ወገን በመጀመሪያ አሻፈረኝ ይላል፤ ሽማግሌው ተመልሶ ይሄዳል፣ እንደገና ይመጣል። ጉማው፣ ማለትም የደም ካሳው እርቅ፣ እስኪያልቅ ሁለቱ ቤተሰቦች አብረው አይበሉም፣ አብረው አይጠጡም፤ ገበያ መንገድ ላይ ቢገናኙ እንኳ አንዱ ለአንዱ መንገድ ይለቃል። በመጨረሻ ካሳው ይቆረጣል፣ ከብት ይታረዳል፣ እርቅ ይወርዳል።

የመንግሥት ክስ ግን በዚህ አይቆምም። ዐቃቤ ሕግ ከሶ፣ ፍርድ ቤት አጣርቶ፣ በከባድ የሰው ግድያ ሞት ከተፈረደ ጉዳዩ ከሽማግሌው እጅ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ያለው የመጨረሻ ደጅ የርዕሰ ብሔሩ ነው።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ሞት የንጉሥ ፍርድ፣ ምሕረትም የንጉሥ ጸጋ ሆኖ ለዘመናት ኖሯል። የ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 35 ይቅርታ የማድረግንና ቅጣት የማቅለልን ሥልጣን ለንጉሠ ነገሥቱ ሰጥቶ ነበር። በተግባር ግን ማን ተረፈ፣ ማን ሞተ የሚለው በሰውየው ማንነትና በዘመኑ ፖለቲካ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት በ1924 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱን ከግዞት በማስመለጥ እጃቸው አለበት ተብለው ሞት ሲፈረድባቸው፣ ቅጣቱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለውጦ ንብረታቸው ተወረሰ። ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ደግሞ ከታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ሞት ተፈርዶባቸው ይግባኝ ሳይጠይቁ በዚያው ዓመት መጋቢት ወር ተሰቀሉ።

የኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊትን ከእነዚህ ሁሉ የሚለየው የሚጠየቅ ሰው አለመኖሩ ነው። ደርግ ሁለቱን የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ አክሊሉ ሀብተወልድንና እንዳልካቸው መኮንንን ጨምሮ 60 ያህል ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነ። ክስ አልተነበበም፣ ጠበቃ አልቆመም፣ ይግባኝም ይቅርታም የሚባል ነገር አልነበረም። ሚስቶችና ልጆች ወሬውን የሰሙት በሬዲዮ ነው።

ይህን ያደረጉት ሰዎች በተራቸው ምን ገጠማቸው? እኔ በዚህ ጥያቄ ላይ ብዙ አስቤአለሁ፤ በኢትዮጵያ የሞት ፍርድ ታሪክ ውስጥ ትልቁ ትምህርት ያለው እዚያ ነው ብዬ አምናለሁ። ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1987 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ችሎት ፊት ቀረቡ። ጉዳዩ 12 ዓመት ፈጀ። ጥር 1999 ዓ.ም. ከፍተኛው ፍርድ ቤት ዕድሜ ልክ ፈረደ፤ ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ብሎ ግንቦት 2000 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቅጣቱን ወደ ሞት አከበደው።

እዚህ ላይ ሕጉን መረዳት ያስፈልጋል። አሁን በሥራ ላይ ያለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 28 የሰው ዘር ማጥፋት፣ ያለ ፍርድ ሞት ቅጣት፣ አስገድዶ መሰወርና ኢሰብአዊ ድብደባ የፈጸመ ሰው በይቅርታም በምሕረትም እንዳይታለፍ ይከለክላል። አንድ ቀዳዳ ግን ይተዋል፤ ሞት የተፈረደበት ከሆነ ርዕሰ ብሔሩ ወደ ዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት ሊለውጥለት ይችላል። በ2003 ዓ.ም. የሃይማኖት አባቶች እስረኞቹ ሕዝቡን ይቅርታ እንዲጠይቁ መንገድ ሲፈልጉ ቆይተው፣ በዚያው ዓመት ግንቦት ወር ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ የ23 የደርግ ባለሥልጣናትን የሞት ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ ለወጡ። የወንጀል ሕጉ ደግሞ ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ሰው 20 ዓመት ከታሰረ በአመክሮ ሊፈታ እንደሚችል ይደነግጋል። ከግንቦት 1983 ጀምሮ ለታሰሩት 20 ዓመቱ ሞልቶ ነበር፤ መስከረም 2004 ላይ ፍቅረ ሥላሴ ወግደረስንና ፍስሐ ደስታን ጨምሮ 16ቱ ወጡ።

በጣሊያን ኤምባሲ የተጠለሉት የደርግ ባለሥልጣናት የብርሃኑ ባየህና የአዲስ ተድላ ጉዳይ ከዚህም ረዘመ። ጣሊያን የሞት ቅጣት የሚጠብቀውን ሰው አሳልፋ አትሰጥም። ሁለቱ ሰዎች ከግንቦት 1983 ጀምሮ ከግቢው ሳይወጡ ከ29 ዓመት በላይ ኖሩ፤ አብረዋቸው የገቡት ኃይሉ ይመኑና ተስፋዬ ገብረ ኪዳን እዚያው ሞቱ። ታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ሣህለወርቅ ዘውዴ ፍርዱን ወደ ዕድሜ ልክ ከለወጡ በኋላ ፍርድ ቤት በአመክሮ ለቀቃቸው።

ይህ ትክክል ነበር ወይ? እኔ ትክክል ነበር እላለሁ። ያለ ፍርድ የገደለ ሰው በፍርድ ተዳኝቶ ሕይወቱ ሲተርፍ፣ በ1967 የተረሸኑት ሰዎች የተነፈጉት ሥርዓት መኖሩ ተረጋገጠ ማለት ነው። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ከሟች ቤተሰቦች መካከል እርቁን የተቃወሙ ነበሩ፤ የእነሱ ድምፅ ግን በውሳኔው ውስጥ ቦታ አልነበረውም። የፉሪ ሽማግሌ የሟች ወገን እሺ ሳይል ጉማ አይጨርስም፤ መንግሥት ግን ጨርሷል።

የርዕሰ ብሔሩ ፊርማ የቱን ያህል እንደሚከብድ ለማየት የ1999 ዓ.ም. ክረምት ይበቃል። ዐቃቤ ሕግ ሞት የጠየቀባቸው የተቃዋሚው ቅንጅት መሪዎች ሐምሌ 9 ቀን ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው፤ በፕሮፌሰር ኤፍሬም ይስሐቅ የሚመሩ ሽማግሌዎች ሲመላለሱ ከርመው ነበርና ሐምሌ 13 ቀን በይቅርታ ወጡ። በዚያው ወር መጨረሻ የደኅንነት ኃላፊውን አቶ ክንፈ ገብረ መድኅንን በመግደል የተፈረደባቸው ሻለቃ ፀሐዬ ወልደ ሥላሴ ተረሸኑ። ከዚያ በፊት ጄኔራል ኃየሎም አርአያን በመግደል የተፈረደበት ጀሚል ያሲን በ1990 ተገድሏል። በ2002 ዓ.ም. በሌሉበት ሞት የተፈረደባቸውና በኋላ የተያዙት አቶ አንዳርጋቸው ጽጌም በግንቦት 2010 በይቅርታ ተፈትተዋል።

ዛሬ ማረሚያ ቤት ውስጥ ሞት ተፈርዶበት የሚጠብቅ ዘመድ ያለው ሰው ይህን ይወቅ። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 117 መሠረት ርዕሰ ብሔሩ ሳያጸድቁት ማንም አይገደልም። ወንጀሉን ሲፈጽም 18 ዓመት ያልሞላው ሞት አይፈረድበትም፤ ነፍሰ ጡር ሴት ላይም አይፈጸምም። ፍርዱ የመጨረሻ ከሆነ በኋላ የይቅርታ ማመልከቻ ራሱ ፍርደኛው፣ የትዳር ጓደኛው፣ የቅርብ ዘመዱ፣ ወኪሉ ወይም ጠበቃው ሊያቀርብ ይችላል። የይቅርታ ቦርዱ መርምሮ የውሳኔ ሐሳቡን ለፕሬዚዳንቱ ያቀርባል። አንቀጽ 28 የሚከለክላቸው ወንጀሎች ከሆኑ የሚጠየቀው ወደ ዕድሜ ልክ መለወጥ ብቻ ነው።

ማመልከቻውን ጻፉ፤ ጠበቃ መቅጠር ባትችሉ እንኳ ራሳችሁ ጻፉ። ከዚያ በፊት ግን ሽማግሌ ልካችሁ የሟችን ቤተሰብ ጠይቁ፤ የእርቅ ወረቀት ካገኛችሁም አብራችሁ አያይዙት። ቦርዱም የሞት ፍርድ ጉዳይ ሲቀርብለት የሟች እናት፣ ሚስትና ልጆች ተጠርተው እንዲሰሙ የሚያስገድድ ድንጋጌ በሕጉ ውስጥ በግልጽ እንዲገባ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትን እንጠይቃለን።