የዘህራዊ ቢላዎች እና የሰፈራችን ቀርከሃ



ያቺን ፎቶ ብዙዎቻችሁ አይታችኋታል። በመስታወት ሣጥን ውስጥ የተደረደሩ ቢላዎች፣ መቆንጠጫዎች፣ መንጠቆዎችና መጋዞች፤ ከሥራቸው «ከሺህ ዓመት በፊት ሙስሊሞች የሠሯቸው የቀዶ ጥገና መሣሪያዎች» የሚል ጽሑፍ። እኔም ደጋግሜ አጋርቻታለሁ። ዛሬ ግን በእሷ ጉዳይ ትንሽ ላስቸግራችሁ ነው።

እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች ከሚታዩባቸው ቦታዎች አንዱ በኢስታንቡል ጉልሃኔ መናፈሻ ውስጥ እ.ኤ.አ በ2008 የተከፈተው የእስልምና ሳይንስና ቴክኖሎጂ ታሪክ ሙዚየም ነው። ከመስታወቱ ጀርባ ያሉት ግን አቡል ቃሲም አዝ-ዘህራዊ በእጁ የያዛቸው አይደሉም። ቱርካዊው የታሪክ ሊቅ ፉአት ሴዝጊን ፍራንክፈርት ላይ ባቋቋሙት ተቋም አማካኝነት፣ ከጥንት የእጅ ጽሑፎች ላይ ሥዕሉ እየታየ በእኛ ዘመን የተሠሩ ቅጂዎች ናቸው። ይህን የምለው ለማሳነስ አይደለም። ብረቱ ጠፍቶ ሥዕሉ መትረፉ ራሱ ይገርመኛል። ለመሆኑ አንድ ሐኪም መሣሪያዎቹን ቁጭ ብሎ በኪታብ ላይ የሚሥለው ምን ቢያስቸግረው ነው?

አዝ-ዘህራዊ የአንደሉስ ሰው ነው። ስሙን ያገኘው ቁርጡባ አጠገብ ከነበረችው ከመዲነቱ ዘህራ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ በ1013 አካባቢ እንደሞተ ይነገራል። «አት-ተስሪፍ» የተባለው ኪታቡ 30 ክፍል አለው። የመጨረሻው፣ 30ኛው ክፍል ስለ ቀዶ ጥገና ብቻ የሚናገር ሲሆን፣ 200 የሚያህሉ መሣሪያዎች ተሥለውበታል። የዚህን ክፍል መግቢያ ያነበበ ሰው ግን ኩራት አያገኝበትም። የሚያገኘው ቁጭት ነው። አዝ-ዘህራዊ በአገሩና በዘመኑ ይህን ሙያ አሳምሮ የሚሠራ እንደጠፋ ይናገራል፤ ምክንያቱንም የሰውነትን አሠራር (ተሽሪሕን) ሳያውቁ ቢላ የሚያነሱ ሰዎች መብዛታቸው ነው ይላል። ከዚያ በዓይኑ ያየውን ይቆጥራል። አንዱ ሐኪም ነኝ ባይ የሴት አንገት ላይ ያበጠ እጢ ሲቀድ ደም ሥሮቿን ቆርጦ፣ እጁ ላይ ደሟ ፈስሶ ሞተች። ሌላው ከአንድ ሽማግሌ ፊኛ ውስጥ ጠጠር አወጣለሁ ብሎ የፊኛውን ቁራጭ አብሮ አወጣው፤ ሽማግሌውም ብዙ ቀን አልቆየም።

ሥዕሎቹ የተሣሉት ለዚህ ነው። ከእሱ በኋላ የሚመጣ ሰው የትኛውን ብረት፣ በምን ያህል ስፋት፣ ለየትኛው ቁስል እንደሚይዝ እንዳይሳሳት።

ከመሣሪያዎቹ እኔን የሚይዘኝ አንድ ትንሽ ቢላ ነው። ስሙ «ሚኽደዕ» ነው፤ ቃሉ ማታለል ከሚለው የዐረብኛ ሥር የወጣ ነው። እባጭ ለማፍረጥ ሐኪሙ በጣቶቹ መካከል ደብቆ የሚይዘው፣ ታማሚው ሳያየው ሥራውን የሚጨርስ ቢላ። በትልቅ፣ በመካከለኛና በትንሽ መጠን ተሥሏል። ያኔ ታማሚው በዛሬው መልክ አይደነዝዝም ነበር፤ በኤተር እያስተኙ መቅደድ በአደባባይ የታየው ቦስተን ውስጥ እ.ኤ.አ በ1846 ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ታማሚ አብዛኛውን ጊዜ ጠንካራ ሰዎች ይዘውት፣ ነቅቶ እያየ የሚቀደድ ነው። ስለዚህ ይህ ሰው ብረት ሲያስቀርጽ የታማሚውን ፍርሃት ጭምር ለክቶ ነበር ማለት ነው።

ሌላው የመተኮሻ ብረት ነው። የ30ኛው ክፍል መጀመሪያ ከ50 በላይ ምዕራፎች ያሉት ሙሉ በሙሉ ስለ «ከይ»፣ ማለትም በጋለ ብረት ስለ መተኮስ ነው። (ልብስ የምንተኩስበትን «ካውያ» የምንለው ከዚሁ ከዐረብኛ ሥር ነው። በከይ መታከም በሸሪዓ ያለውን ዝርዝር ለዑለማዎች እተወዋለሁ።) ደም የሚያቆም ሌላ ዘዴ ባልበዛበት ዘመን እሳት ትልቅ መሣሪያ ነበር። በአገራችንም ሆዳቸው ወይም ደረታቸው ላይ የመተኮስ ጠባሳ ያለባቸው አባቶችና እናቶች ዛሬም አሉ።

ይህ 30ኛው ክፍል በ12ኛው ክፍለ ዘመን ጦለይጦላ (ቶሌዶ) ውስጥ በጄራርዶ ዘክሬሞና ወደ ላቲን ተተረጎመና የአውሮፓ ሐኪሞች ለብዙ መቶ ዓመታት ተማሩበት። ይህን ብዙ ጊዜ ስለምትሰሙት አላስረዝመውም። ወደ ሦስተኛው ንዑስ ክፍል ልሂድ፤ እሱ ስለ ስብራትና ስለ ውልቃት ነው። እውነቱን ለመናገር አዝ-ዘህራዊ ሳሪስ አቦ ቢኖር ኖሮ፣ ለዚህ ሥራው የሰፈሩ ሰው ወጌሻ ይለው ነበር። እዚህም ላይ ቁጭቱ ይመለሳል፦ የአጥንት ጥገናን አንድ ኪታብ እንኳ ገልጠው የማያውቁ ሰዎች ወሰዱት ይላል።

የእኛ አገር የአጥንት ታሪክ ከአንድ ሌላ የሙዚየም ዕቃ ጋር በሚገርም መንገድ ይገናኛል፤ ከራጅ ጋር። ጀርመናዊው ሮንትገን ራጅን ያገኘው እ.ኤ.አ በኅዳር 1895 ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የአድዋ ጦርነት ሲካሄድ ግኝቱ ገና አራት ወር እንኳ አልሞላውም። ከዚሁ ዘመቻ ቆስለው ወደ አገራቸው ከተመለሱት የጣልያን ወታደሮች ሁለቱ፣ በዚያው ዓመት ኔፕልስ በሚገኘው የጦር ሆስፒታል ክንዳቸው ውስጥ የቀረውን ጥይት ለመፈለግ ራጅ ተነሡ። በጦርነት የቆሰለ ሰው በራጅ ሲታይ የመጀመሪያው እንደሆነ ይጻፋል። አስቡት፤ የጥይቱ መነሻ እዚህ፣ ምስሉ እዚያ።

የእኛዎቹን ቁስለኞች ያየው ማን ነው? የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች አዲስ አበባ የደረሱት ከድሉ በኋላ ወራት አልፈው ነው፤ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታልም ሥሩ ከእነሱ ይመዘዛል። እነሱ እስኪደርሱ ድረስ ጥይት ያወጣውም ስብራት ያሰረውም ወጌሻ ነው። ስለዚህ ወጌሻን መናቅ አይገባም። የወለቀ ትከሻ በእጁ ዳብሶ ቦታው የሚመልስ፣ ዋጋው የማይከብድ፣ ለሊትም ቢሆን በሩን የሚከፍት ሰው ነው። ችግሩ ሥር ያለውን አጥንት አለማየቱ ነው። «ራጅ» የሚለው ቃል ራሱ ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ «ጀሶ»ም እንዲሁ። ቃላቱ ሰፈራችን ከገቡ ቆይተዋል፤ አገልግሎቱ ግን ከብዙ ቤተሰብ ኪስ ርቆ ኖሯል።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ። 17 ዓመት ሲሆነን ጓደኛዬ ክረምቱን ሳሪስ አካባቢ በሚሠራ ፎቅ ላይ በቀን ሥራ ገባ። ከባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ ወድቆ የግራ ክንዱ ከክርኑ በታች ተሰበረ። ቤተሰቡ ራጅና ጀሶ ስንት እንደሚያስወጣ ጠይቀው ዝም አሉ። ማታውኑ ወጌሻ ጋ ሄድን። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ቅቤ ቀብቶ አሸው፣ አራት ቁራጭ ቀርከሃ ዙሪያውን አድርጎ በጨርቅ ጥብቅ አደረገው። «ካልጠበቀ አይገጥምም» አለን። እኔም እጁን ደግፌ ይዤ ነበር።

የተሰበረ ክንድ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያብጣል። ዙሪያውን የታሰረው ነገር ካልላላ እብጠቱ መውጫ ያጣና ወደ ውስጥ ይጫናል፤ ደም ወደ ጡንቻው መድረስ ያቅተዋል። ጡንቻ ያለ ደም የሚቆየው ስድስት ሰዓት ገደማ ነው። ምልክቱ ይታያል፦ ሕመሙ ከስብራቱ በላይ እየባሰ ይሄዳል፣ ጣቶቹን ሰው ቀና ሲያደርጋቸው ያስጮኻል፣ ከዚያ ይነጣሉ ወይም ይጠቁራሉ፣ ይቀዘቅዛሉ፣ ይደነዝዛሉ። በዚህ ሰዓት ማሰሪያውን መፍታትና ሮጦ ሆስፒታል መግባት ብቻ ነው ያለው። አዝ-ዘህራዊ ራሱ ስለ ማሰሪያ ሲያስተምር ጥብቀቱን መጠበቅ፣ እብጠት ሲመጣ መፍታት እንደሚገባ አሳስቧል። የአገራችን የአጥንት ሐኪሞችም ከጥብቅ እስር በኋላ እጅና እግር ስለሚቆረጥባቸው ልጆች ደጋግመው ጽፈዋል።

ጓደኛዬ ሌሊቱን ሙሉ ጮኸ። እናቱ «አይዞህ፣ እየገጠመ ነው» ትለዋለች። በሁለተኛው ቀን መጮኹን ሲያቆም ሁላችን ተሽሎታል ብለን አልሐምዱሊላህ አልን። በአራተኛው ቀን ሽታው መጣ። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ ጨርቁን በመቀስ ቆርጦ አየና ለረጅም ጊዜ አልተናገረም። ክንዱ ከክርኑ በላይ ተቆረጠ።

በሁለተኛው ቀን አጠገቡ ተቀምጬ ጣቶቹን አይቻቸዋለሁ። ጠቁረው ነበር። የቅቤው መስሎኝ ነበር።

ያቺን የመስታወት ሣጥን ፎቶ ሳይ አሁን የሚታየኝ የአዝ-ዘህራዊ ሊቅነት ብቻ አይደለም፤ አንገቷ ላይ የተቀደደችው የቁርጡባ ሴትም ትታየኛለች። እኛ አገር እንዲህ ያለ ሙዚየም ቢሠራ ምን ይግባበት ብትሉኝ፣ የጓደኛዬ እናት ቤት ቁም ሣጥኑ ላይ አራት ቁራጭ ቀርከሃ አለ። ሆስፒታሉ ሊጥለው ሲል ተቀብላ ያመጣችው ነው። ባለፈው ዒድ ስንጠይቃት ገብቼ አየሁት፤ በመቀስ የተቆረጠው ጨርቅ አሁንም አብሮት አለ፣ ቋጠሮው አልተፈታም።