«ግራ» በአይቤሪያ፦ የተዘነጋው ድምፅ

የስፓኒሹ «ኢዝኪየርዶ»፣ የፖርቱጋልኛው «እሽኬርዱ» እና የጋሊስኛው «ኤስኬርዶ» ሦስቱም «ግራ» ማለት ናቸው። የላቲኑ «ሲኒስተር» በስፓኒሽ «ሲኒየስትሮ» ሆኖ ተርፏል፤ ዛሬ ግን ይበልጥ የሚነገረው ለክፉና ለአስፈሪ ነገር ነው። ስፍራውን የወረሰው ቃል ከሮማውያን በፊት የነበረና የባስኩ «ኤዝኬር» ዘመድ መሆኑን ዦአን ኮሮሚናስ ከ1954 ጀምሮ ባሳተመው መዝገበ ቃላት አስረድቷል። በዚህ ክርክር የለኝም።

ክርክሬ «ኤዝኬር» ራሱ ከባስኩ «ኤስኩ»፣ ማለትም እጅ፣ እና ግራ ማለት ነው ከሚባለው የኬልቲክ «ኬሮስ» ተጣምሮ ተገኘ ከሚሉት ጋር ነው። ትርጉሙ ስለሚጥም መዛግብተ ቃላት ሲቀባበሉት ኖረዋል። ድምፁን ግን ማን አደመጠው? በባስክ «ስ» ሁለት ናት። አንዷ በ«ኤስ» ፊደል ተጽፋ በምላስ ጫፍ ትነገራለች፤ ሌላዋ በ«ዜድ» ተጽፋ፣ እንደ «ዝ» ሳትነዝር፣ ከጫፉ ኋላ ባለው የምላስ ገጽ ትነገራለች። «ሱ» በፊተኛዋ ሲነገር እሳት ነው፤ በኋለኛዋ ሲነገር አንተ ወይም አንቺ ነው። እጅ በፊተኛዋ፣ ግራ በኋለኛዋ ይነገራሉ። «እሳት»ን ከ«አንተ» የሚለይ ጆሮ ሁለቱን በዋዛ አያቀላቅልም።

በቢስካይ ዘዬ ሁለቱ ድምፆች ተቀላቅለዋል የሚል ተቃውሞ ይነሣል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ልዩነቱን በጠበቁት የምሥራቅ ዘዬዎች ግራ በ«ዜድ» ነው። የምዕራቡ መደባለቅ ምሥራቁን አይሽርም።

ስፓኒሽም ይመሰክራል። ቃሉን በ«ኤስ» ሳይሆን በ«ዜድ» ይጽፋል፤ ማድሪድ ላይ የምላስ ጫፍ በጥርሶች መካከል ብቅ ይላል፤ ሜክሲኮና ሊማ ላይ ተራ «ስ» ሆኗል። ጋሊስኛ ይህ የጥርስ ድምፅ እያለው ለምን በ«ስ» ይለዋል? እንደ «ኤስኮላ» እና «ኤስኩዶ» ያሉት በርካታ ቃላት ስበውት ይመስለኛል፤ ከዚህ የበለጠ ምስጢር መፈለግ አያስፈልግም።

የአናባቢው ነገር የበለጠ ያከራክራል። የስፓኒሹ «ኢየ» የላቲን አጭር «ኤ» ምልክት ስለሆነ ቃሉ ባስክ ሊሆን አይችልም የሚሉ፣ ናቫራ ውስጥ ያለችውን የሀቪየርን ስም ይመልከቱ። ስሙ የባስኩ «ኤቼ ቤሪ»፣ አዲስ ቤት፣ ነው። ባስኮች ኢሩንቤሪ የሚሏት ጎረቤቷም በስፓኒሽ ሉምቢየር ናት። በሁለቱም የ«ቤሪ» «ኤ» ከጠንካራው «ር» ፊት «ኢየ» ሆናለች፤ «ኤዝኬር» ላይ የደረሰውም ይኸው ነው።

ፖርቱጋልኛ በአንጻሩ «ቴራ»ን፣ ምድርን፣ አፍ ከፍቶ ሲጠራ «እሽኬርዱ»ን አጥብቦ ይጠራል። ይህን ጥበት የሌላ ምንጭ ምልክት ማድረግ ግን ችኮላ ነው፤ የስፓኒሹ «ፒየርዳ» እና የፖርቱጋልኛው «ፔርዳ» ከአንድ የላቲን ግሥ ወጥተው፣ እዚያም «ርድ» ፊት፣ ስፓኒሽ «ኢየ» ሲል ፖርቱጋልኛ በጠባብ «ኤ» ይጠራል።