ፊልማቸውን ራሳቸው ለገበያ ያቀረቡ ጎንደሬ

በቦንጋ ጫካ የሚለቀመው ቡና ዋጋው የሚቆረጠው በሩቅ አገር ገበያ መሆኑን የካፋ ሰው ያውቀዋል። የጥቁር ሕዝብ የጥበብ ሥራም ዕጣው ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም፤ ደራሲው ይደክማል፥ ዋጋውን የሚወስነው ግን ሌላ ነው። ይህን ልማድ እንቢ ካሉት አንዱ በ1938 ዓ.ም. በጎንደር የተወለዱት የደራሲ ገሪማ ታፈረ ልጅ ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ናቸው።

ፕሮፌሰር ኃይሌ በአሜሪካ የፊልም ጥበብ ተምረው፥ በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ እያስተማሩ፥ ስለ ባርነት ዘመን የሚተርከውን «ሳንኮፋ» የተባለውን ፊልም ሠሩ። ፊልሙ በ1985 ዓ.ም. በበርሊን ለውድድር ቢቀርብም የአሜሪካ ፊልም አከፋፋዮች ሊቀበሉት አልወደዱም። በዚህ ጊዜ እርሳቸውና ባለቤታቸው ወይዘሮ ሽሪክያና አይና የሲኒማ አዳራሽ ተከራይተው፥ የየከተማውን ጥቁር ሕዝብ አስተባብረው፥ ፊልሙን ራሳቸው ያሳዩ ጀመር። ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ተላለፈ፤ አዳራሹም ሞላ። በኋላም በዚያው በዋሽንግተን በፊልሙ ስም የሚጠራ የመጻሕፍትና የፊልም መደብር ከፈቱ።

መንገዱ ግን ረጅም ነው፤ ለማን ይደብቁታል? በ2000 ዓ.ም. በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት ያገኘውን «ጤዛ» ለመፈጸም፥ ገንዘቡ እስኪሟላ ድረስ ብዙ ዓመታት መጠበቅ ግድ ሆኖባቸው ነበር።