አቦል (ፕላኔት)

አቦል ከሥርዓተ ፀሐይ ውጭ የሚገኝ ግዙፍ የጋዝ ፕላኔት ነው። ሳይንሳዊ መለያው ኤችዲ 16175 ቢ ይባላል። የሚዞረው ቡና የሚባለውን ኮከብ (ኤችዲ 16175) ሲሆን፣ ከምድር ያለው ርቀት ወደ 200 የብርሃን ዓመት ይጠጋል። ሁለቱንም ስሞች ያወጣችው ኢትዮጵያ ናት።

ስያሜ

ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት 100ኛ ዓመቱን ባከበረበት በ2019 እ.ኤ.አ. ለእያንዳንዱ ተሳታፊ አገር አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት ሰጥቶ ስም እንዲያወጣላቸው ጋበዘ። ለየአገሩ የተመረጠው ኮከብ ከዚያ አገር ሰማይ ላይ በትንሽ ቴሌስኮፕ ሊታይ የሚችል ነበር። ለኢትዮጵያ የደረሰው ኮከብ ቡና፣ ፕላኔቱ ደግሞ አቦል ተባለ፤ ስሞቹም ታኅሣሥ 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ይፋ ሆኑ። አቦል በቡና ሥርዓት የመጀመሪያው ዙር ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ ቶና፣ ከዚያም በረካ ይመጣል። ኮከቡን ሲዞር እስካሁን የታወቀው ፕላኔት አቦል ብቻ ነው።

አገኛኘት

አቦልን በቴሌስኮፕ በቀጥታ ያየው ሰው የለም፤ የኮከቡ ብርሃን ይሸፍነዋል። የታወቀው በኮከቡ ላይ በሚያሳድረው ስበት ነው። ፕላኔቱ ሲዞር ኮከቡን በጥቂቱ ወዲህና ወዲያ ይስበዋል። ኮከቡ ወደ እኛ ሲቀርብ የብርሃኑ ሞገድ ያጥራል፣ ሲርቅ ይረዝማል። በካትሪን ፒክ የተመራ ቡድን በካሊፎርኒያ ከሚገኘው የሊክ የምርምር ጣቢያ ይህንን ለውጥ ለዓመታት ለክቶ ግኝቱን በ2009 እ.ኤ.አ. አሳተመ። የኮከቡ ፍጥነት በፕላኔቱ ምክንያት የሚዋዥቀው በሰከንድ ወደ 100 ሜትር ገደማ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ጥናት፣ ፈረንሳይ ውስጥ ባለው ሶፊ በተባለ መሣሪያ የተደረጉ ልኬቶችን ተጠቅሞ ግኝቱን አረጋግጧል።

ባሕርያት

የአቦል መጠነ ቁስ ቢያንስ የጁፒተርን 4.8 እጥፍ፣ ማለትም የምድርን 1,500 እጥፍ ያህል ነው። «ቢያንስ» የተባለው ይህ ዘዴ የሚለካው ኮከቡ ወደ እኛ የሚያደርገውን እንቅስቃሴ ብቻ ስለሆነ ነው። ምሕዋሩ ከእኛ አንጻር ያዘመመ ከሆነ ትክክለኛው መጠን ከዚህ ይበልጣል።

አንዱን ዙር የሚጨርሰው በ995 ቀናት ገደማ ነው። ምሕዋሩ እንደ ምድር ምሕዋር ወደ ክብ የሚጠጋ ሳይሆን በጣም የተለጠጠ ነው። ምድር ከፀሐይ ያላት ርቀት 1 ቢባል፣ አቦል ከኮከቡ እስከ 0.8 ይቀርብና እስከ 3.5 ይርቃል። ቡና ደግሞ ከፀሐይ በሦስት እጥፍ ገደማ ይደምቃል። ስለዚህ አቦል ሲቀርብ ምድር ከፀሐይ ከምታገኘው ብርሃን 5 እጥፍ ገደማ፣ ሲርቅ ሩቡን ያህል ብቻ ያገኛል። በአንድ ዙር ውስጥ ሙቀቱና ቅዝቃዜው የሚፈራረቁት በዚህ ምክንያት ነው። እንደ ጁፒተር ያለ የጋዝ ፕላኔት በመሆኑም የሚቆሙበት ጠጣር ገጽ የለውም ተብሎ ይታሰባል።

ከኢትዮጵያ ሲታይ

ቡና በአንድሮሜዳ ኅብረ ከዋክብት ውስጥ ይገኛል። ድምቀቱ 7.3 ስለሆነ በዓይን ብቻ አይታይም፤ በሁለት ዓይን መነጽር ግን ሊታይ ይችላል። ኤም 34 ለተባለው የከዋክብት ክምችት በጣም ቅርብ መሆኑ ለፍለጋ ይረዳል። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ካላት ከደብረ ታቦር የሚመለከት ሰው፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ በኅዳርና በታኅሣሥ ምሽቶች በሰሜን በኩል ከፍ ብሎ ያገኘዋል። ዛሬ የሚደርሰን የቡና ብርሃን ከኮከቡ የተነሣው በዘመነ መሳፍንት፣ ደብረ ታቦር የየጁ ራሶች መቀመጫ በነበረችበት ጊዜ አካባቢ ነው።