ከሕሙማን አልጋ አጠገብ፦ የሕክምና ተማሪ ለተለማማጅነት የሚዘጋጅበት ሥርዓት ታሪክ

የሕክምና ተማሪ ያጠናውን የሚያረጋግጠው በሌላ ሰው ሕይወት ላይ ነው። ስለዚህም ተለማማጅ ሐኪም፣ በተለመደው አጠራር ኢንተርን፣ ከመሆኑ በፊት በሆስፒታል ልዩ ልዩ የሕክምና ክፍሎች እየተዘዋወረ እንዲማር ይደረጋል። ይህ ሥርዓት ዛሬ የታወቀ ደንብ ቢሆንም የብዙ ዘመን ድካም ውጤት መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

በኔዘርላንድ፣ በሌይደን ከተማ፣ ኸርማን ቡርሃቨ በሕሙማን አጠገብ የሚሰጠውን ትምህርት እ.ኤ.አ. በ1714 ሲረከብ የነበሩት አልጋዎች 12 ብቻ ነበሩ፤ 6ቱ ለወንዶች፣ 6ቱ ለሴቶች። ከእርሱ ዘንድ የተማሩ ሐኪሞች ዘዴውን ወደ ኤዲንብራና ወደ ቪየና ወሰዱት። ይሁን እንጂ የዚያ ዘመን ተማሪ በአመዛኙ ተመልካችና አድማጭ ነበር።

ቀጣዩ ታላቅ እርምጃ ተማሪውን ከተመልካችነት ወደ ሠራተኛነት ማሻገር ሆነ። በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ተማሪዎች የሕመምን ታሪክ የሚጽፉና ቁስል የሚያሥሩ ረዳቶች ነበሩ። ዊልያም ኦስለር ይህን ልማድ በአሜሪካ፣ በባልቲሞር ከተማ፣ የጆንስ ሆፕኪንስ ትምህርት ምሰሶ አደረገው። ሆስፒታሉ እ.ኤ.አ. በ1889፣ የሕክምና ትምህርት ቤቱ በ1893 የተከፈቱ ናቸው። በዚያ ለተማሪው በሽተኞች ይመደቡለታል፤ ታሪካቸውን ይጽፋል፣ ይመረምራቸዋል፣ ሽንታቸውንና ደማቸውን በላቦራቶሪ ያያል፣ ያገኘውንም በመምህሩ ፊት ያቀርባል። አብርሃም ፍሌክስነር በአሜሪካና በካናዳ የነበሩትን 155 የሕክምና ትምህርት ቤቶች መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1910 ባወጣው ዘገባ፣ ብዙዎቹ ለተማሪዎቻቸው በቂ የሆስፒታል ልምምድ እንደማይሰጡ ገለጠ። በብሪታንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ ተመራቂው ሙሉ ፈቃድ ከማግኘቱ በፊት አንድ ዓመት በሆስፒታል እንዲሠራ ግዴታ ሆነ።

በአገራችን የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ተቋቁሞ የጤና መኮንኖችንና ሌሎች የጤና ባለሙያዎችን ማሠልጠን ጀመረ። ሐኪሞችን የሚያሠለጥነው የአዲስ አበባው ፋኩልቲ በ1964 ተከተለ፤ በጎንደር በ1978 የሕክምና ፋኩልቲ ተከፈተ፤ በ1983 የተመሠረተው የጅማ የጤና ሳይንስ ተቋም ደግሞ ተማሪውን ከሆስፒታል አልፎ ወደ ኅብረተሰቡ የሚያወጣ ሥልጠና አስፋፋ።

የዝውውሩ ዋና ክፍሎች አራት ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም የራሳቸው ትምህርት አላቸው። በውስጥ ደዌ ክፍል ተማሪው በጥንቃቄ መጠየቅንና ምልክቶችን አገናዝቦ ማሰብን ይማራል። በቀዶ ሕክምና መዘግየት የማይገባውን ሕመም ለይቶ ማወቅን፣ በሕፃናት ክፍል መድኃኒትን በክብደት ለክቶ ማዘዝን፣ በማህፀንና በፅንስ ክፍል ሁለት ነፍሶችን በአንድ ጊዜ መጠበቅን ይለምዳል። የዓይን፣ የቆዳ፣ የአእምሮና የጆሮ ሕክምና በአጭር ጊዜ ይጎበኛሉ። በመጨረሻ የተለማማጅነቱ ዓመት ይመጣል።

ይህ ዝግጅት በአገራችን የተለየ ክብደት አለው። አዲሱ ሐኪም ስፔሻሊስት በቅርብ ወደማይገኝበት ሆስፒታል ሊመደብ ይችላል፤ ምጥ የጠናባት እናት ግን ከሩቅ የሚመጣ ሐኪም እስኪደርስ ጊዜ የላትም። በማዋለጃ ክፍል ምጥን ቆሞ ብቻ ያየ ተማሪ በዚያች ሌሊት የሚያውቀው ስሙን ነው እንጂ ሥራውን አይደለም።

በቅርብ ዓመታት የሕክምና ትምህርት ቤቶችና የተማሪዎች ቁጥር እጅግ ጨምሯል። ብዙ ተማሪዎች አንድ አልጋ ሲከቡ ሁሉም ይሰማሉ፤ የበሽተኛውን ሆድ በእጃቸው የሚዳስሱት ግን ጥቂቶች ናቸው። የቀሩት፣ ዘመናዊ መጽሐፍ ቢይዙም፣ ወደ ሌይደኑ ተመልካች ይመለሳሉ ማለት ነው።

ስለዚህ ተማሪው ስንት ክፍል አለፈ ብሎ መቍጠር ብቻ አይበቃም። በየክፍሉ በስሙ የተሰጠው በሽተኛ ነበርን? የጻፈውን ታሪክ አንብቦ ያረመለት መምህር ነበርን? ኃላፊነቱ በየደረጃው እያደገ፣ ቁጥጥሩም ሳይጓደል መምጣቱ ታሪኩ ያስተማረው ዋና ነገር ነው። ይህን መጠበቅ በየሆስፒታሉ የሚያስተምሩ የሙያ ባልደረቦቻችን ሁሉ ግዴታ ነው።