ስታይለስ፦ የንክኪ ብዕር

ስታይለስ በንክኪ በሚሠራ ስክሪን ላይ ለመጻፍ ወይም ለመሳል በጣት ፈንታ የምንይዘው መሣሪያ ነው። ስሙ የመጣው ሮማውያን ሰም በተቀባ ሰሌዳ ላይ ይጽፉበት ከነበረው ሹል ዘንግ ነው። ያኛው ቀለም አልነበረውም፤ የዛሬውም የለውም። በአማርኛ «የንክኪ ብዕር» ብንለው ይስማማል። «ዲጂታል ብዕር» የሚሉም አሉ፤ ነገር ግን ርካሹ ዓይነት ከጎማና ከብረት በቀር ውስጡ ምንም የለውም። ሱቅ ሲገቡ «የታብሌት እስክሪፕቶ» ማለት ያግባባል።

የታብሌት ስክሪን የሚያውቀው ጣት ሲያርፍበት የሚፈጠረውን የኤሌክትሪክ ለውጥ ነው። ባለ ጎማው ብዕር ጣት ለመምሰል የተሠራ ስለሆነ ጫፉም እንደ ጣት ወፍራም ነው። «ሰ»ን ጽፈው «ሱ» ለማድረግ ያቺን ትንሽ ጭረት ሊጨምሩ ሲሉ ጎማው ራሱ ቦታውን ይሸፍንብዎታል። መዳፍዎ ስክሪኑ ላይ ካረፈ ደግሞ እሱም መስመር ይስላል። ለፊርማ ይበቃል፤ ለሥዕል ግን ገንዘብ ማባከን ነው ባይ ነኝ።

ለሥዕል የሚሆነው ከታብሌቱ ጋር የሚናበበው ነው። የእጅን ጫና ይለካል፦ ጫን ሲሉት መስመሩ ይወፍራል፣ ላላ ሲያደርጉት ይሳሳል። አፕል በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጣው አፕል ፔንስል በቻርጅ ይሠራል። የሳምሰንግ ኤስ ፔን ግን በዋኮም ቴክኖሎጂ ኃይሉን ከስክሪኑ ሥር ስለሚያገኝ ለመሳል ባትሪ አያሻውም። ሁለቱ አይተዋወቁም፤ አፕል ፔንስልን ሳምሰንግ ላይ ቢያሳርፉት እንጨት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የታብሌቱን ሞዴል ይወቁ፣ ብዕሩ ከዚያ ይመጣል። የሚናበብ ሁሉ ግን ጫና ይለካል ማለት አይደለም፦ ያው አፕል በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው ባለ ዩኤስቢ-ሲ ፔንስል በዋጋ ረከስ ቢልም ጫና አይለካም።

«ለሁሉም ታብሌት ይሆናል» የሚል ማሸጊያ ካዩ ይጠርጥሩ። ጫፉ ቀጭን፣ ቻርጅም የሚደረግ ሊሆን ይችላል፤ ሥራው ግን ያው ጣትን መምሰል ነው፣ ጫናን አይለይም።

ከመክፈልዎ በፊት በራስዎ ታብሌት ይሞክሩት። ማስመሪያ ስክሪኑ ላይ አስደግፈው ሰያፍ መስመር በጣም በዝግታ ያስምሩ። ደካማ ብዕር መስመሩን ያንቀጠቅጠዋል። በፍጥነት ካሰመሩ ግን ጉድለቱ ይደበቃል፤ ለሙከራ ፊርማ መሞነጫጨር ብዙም የማይጠቅመው ለዚህ ነው። ቀጥሎ መዳፍዎን አሳርፈው ይሳሉ፤ የመዳፍዎ አሻራ ሥዕሉ ላይ ከቀረ ይመልሱት። ጫፉ ደግሞ አላቂ ነው፤ በተለይ ወረቀት የሚመስለው ሸካራ የስክሪን መሸፈኛ ቶሎ ይበላዋል። መለወጫ ጫፍ ለብቻው ይሸጥ እንደሆነ እዚያው ይጠይቁ።